ሳሙኤል የማን ንጉሥ ነበር? የቡልጋሪያና የሰሜን መቄዶንያ ሙግት ሥረ መሠረት

የአውሮፓ ኅብረት አባል ለመሆን የሚያመለክት አገር የማይጠየቀው ነገር የለም። የፍርድ ቤቶቹ ነጻነት፣ የጉምሩክ ሥርዓቱ፣ የግብርናውና የምግብ ቁጥጥሩ ሁሉ በየምዕራፉ ይመረመራል። ሰሜን መቄዶንያ ግን ወደዚያ ሳትደርስ ሌላ ፈተና ገጠማት። በኅዳር 2020 ጎረቤቷ ቡልጋሪያ ድርድሩ እንዳይጀመር ድምፅን በድምፅ የመሻር መብቷን ተጠቀመች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያቀረበችው ምክንያት ሙስና ወይም የድንበር ጉዳይ አልነበረም፤ ታሪክና ቋንቋ ነበር። ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ በ1014 የሞተው ንጉሥ ሳሙኤል ነው።

ከሩቅ ለሚያይ ሰው ነገሩ ቀልድ ይመስላል። በሁለቱ ዋና ከተሞች፣ በሶፊያና በስኮፕዬ፣ ግን የሚስቅበት ሰው ጥቂት ነው። በ2022 ክረምት በሶፊያ የመንግሥት ጥምረት ሲፈርስ ጥሎ የወጣው ፓርቲ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ የመቄዶንያ ጉዳይ ነበር። ከሳምንታት በኋላ በስኮፕዬ አደባባዮች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወጥተው መንግሥታቸው ለቡልጋሪያ እንዳይንበረከክ ጮኹ።

ቡልጋሪያ በጥር 1992 ለመቄዶንያ ነጻነት ዕውቅና በመስጠት ከዓለም ቀዳሚ ነበረች። ዕውቅናው ግን ለመንግሥቱ ብቻ ነበር፤ የመቄዶንያ ሕዝብ የሚባል የተለየ ሕዝብና መቄዶንኛ የሚባል የተለየ ቋንቋ አለ ብላ አልተቀበለችም። ለሶፊያ መቄዶንኛ ዩጎዝላቪያ በ1945 መጽሐፍ አስይዛ ያወጣችው የቡልጋርኛ ዘዬ ነው። ሁለቱ አገሮች በ2017 የመልካም ጉርብትና ውል ሲፈራረሙ የታሪክ ሊቃውንት የሚቀመጡበት የጋራ ኮሚሽን አቋቋሙ። ስኮፕዬ ከግሪክ ጋር የነበራትን ጠብ በ2018 በፕሬስፓ ሐይቅ ዳር በተፈረመ ስምምነት፣ በአገሩ ስም ላይ «ሰሜን» የሚል ቃል ጨምራ፣ ዘጋች። የቡልጋሪያው ጠብ በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም፤ አያት ቅድመ አያት ውስጥ ይገባል።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ሰነዶቹ ስለ ሳሙኤል ዘመን በሚናገሩት ረገድ ሶፊያ ትክክል ናት። ከዚያ ተነሥታ ዛሬ በሕይወት ስላሉ ሰዎች ማንነት የምትሰጠው ፍርድ ግን ከሰነዶቹ አይወጣም። ለምን እንደማይወጣ ለማየት ከሁሉ አስቀድሞ ቡልጋሪያውያን ራሳቸው ከየት ከየት እንደ ተሰበሰቡ ማወቅ ይጠቅማል።

ሦስት አያቶች

በጥቁር ባሕር ዳር ባለችው በቫርና ከተማ አጠገብ በ1972 አንድ የቁፋሮ መኪና ሠራተኛ ጉድጓድ ሲቆፍር የወርቅ ጌጦች ወጡለት። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቦታውን ሲከፍቱት ወደ 300 የሚጠጉ መቃብሮችና 6 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ወርቅ አገኙ። ዕድሜው ከ6,000 ዓመት በላይ ነው፤ ሰው በእጁ ከሠራቸውና እስካሁን ከተገኙት የወርቅ ዕቃዎች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት ይመደባል። እነዚያ ሰዎች ምን ቋንቋ ይናገሩ እንደ ነበር የሚያስረዳ አንዲት ፊደል እንኳ አልተረፈችም። ሆኖም የቡልጋሪያ ሙዚየሞች እንደ ቤተሰብ ይቆጥሯቸዋል። ምድሩን የወረሰ ሙታኑንም ይወርሳል፤ በዚህ ብዙ አልከራከርም።

ከእነዚያ በኋላ በስም የምናውቃቸው ትራክያውያን መጡ። ሄሮዶቱስ በብዛት ከሕንዶች ቀጥሎ ከሕዝብ ሁሉ የሚበልጧቸው እንደሌለ፣ በአንድ ገዥ ሥር ቢሰበሰቡ ደግሞ የሚችላቸው እንደማይኖር ጽፏል። አልተሰበሰቡም። ባሪያዎችን አስነሥቶ ሮማን ያስጨነቀው ስፓርታከስ ከእነሱ ወገን ነበር። በ1944 ካዛንላክ በተባለችው ከተማ ወታደሮች ሲቆፍሩ ግድግዳው በሥዕል ያሸበረቀ የትራክያውያን መቃብር አገኙ። በ1949 ደግሞ በፓናግዩሪሽቴ ሦስት ወንድማማቾች ለሸክላ ፋብሪካ አፈር ሲያወጡ ከ6 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ የወርቅ ዋንጫዎችና ማቅረቢያዎች ላይ ወደቁ። ትራክያውያን በጊዜ ብዛት በግሪክና በሮማ ባህል ውስጥ ቀለጡ፤ ቋንቋቸው ጠፋ።

ሁለተኞቹ ስላቮች ናቸው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዳንዩብን እየተሻገሩ የባልካንን ምድር እስከ ግሪክ ደቡብ ድረስ አጥለቀለቁት። ገበሬዎች ነበሩ፤ ንጉሥ አልነበራቸውም፤ ባለ ብዙ አለቃ ጎሳዎች ሆነው ሰፈሩ። ቋንቋውን ያወረሱት እነሱ ናቸው።

ስሙን ያወረሱት ግን ሌሎች ናቸው፤ ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ካለው ሰፊ የሣር ሜዳ የመጡ ፈረሰኞች፣ ቡልጋሮች። አብዛኞቹ ሊቃውንት ቋንቋቸውን ከቱርክ ቋንቋዎች ወገን ይመድቡታል። በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኩብራት የተባለ አለቃ አንድ አድርጎ ገዛቸው፤ እሱ ሲሞት ከምሥራቅ የመጡት ካዛሮች በተኗቸው። ከተበተኑት መካከል በአስፓሩህ የሚመራው ወገን ወደ ዳንዩብ አፍ ወረደ፣ በ680 የቁስጥንጥንያን ንጉሠ ነገሥት ጦር መታ፣ በ681 ንጉሠ ነገሥቱ ውል ገብቶ ግብር ለመክፈል ተስማማ። ቡልጋሪያውያን መንግሥታቸውን ከዚህ ዓመት ጀምረው ይቆጥራሉ።

ሌላው ወገን ወደ ሰሜን ወጥቶ በቮልጋ ወንዝ ዳር ሰፈረና በ922 እስልምናን ተቀበለ። ዛሬ በሩሲያ የሚኖሩት ቹቫሾች የሚናገሩት ቋንቋ የቡልጋሮቹ አፍ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከዚያ የቋንቋ ቅርንጫፍ የተረፈውም እሱ ብቻ ነው። እንግዲህ ከአንድ አባት ቤት ወጥተው አንዱ በዳንዩብ ዳር ኦርቶዶክስ ክርስቲያንና ስላቭኛ ተናጋሪ ሆነ፣ ሌላው በቮልጋ ዳር እስላም ሆነ። የማንነት ነገር የደም ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሶፊያ የቅርብ ዘመዶቿን ከመቄዶንያዋ ከተማ ከኦህሪድ ይልቅ በቮልጋ ዳር በፈለገች ነበር።

የመጀመሪያዎቹ የቡልጋር ገዥዎች ባህል ቅልቅል ነበር። በድንጋይ ላይ የሚያጽፉት በግሪክኛ ነው። ዓመታትን የሚጠሩት ግን እንደ እስያ ፈረሰኞች በእንስሳት ስም ነው። ካን ኦሙርታግ በ822 ያቆመው ዓምድ ዘመኑን በሁለት መንገድ ይነግረናል፤ በቡልጋሮቹ አቆጣጠር የበሬ ዓመት ነው፣ በግሪኮቹ ደግሞ 15ኛው ኢንዲክስዮን፣ ማለትም የአሥራ አምስት ዓመቱ ዙር የመጨረሻ ዓመት። በማዳራ ገደል ላይ ከፍ ብሎ የተቀረጸው ፈረሰኛ አንበሳ ሲወጋ ይታያል፤ በዙሪያው ያለው ጽሑፍ ግን ግሪክኛ ነው። ይህ ፈረሰኛ ዛሬ ቡልጋሪያ ከጥር 2026 ጀምሮ በምትገበያይበት ዩሮ ሳንቲሞች ላይ ተቀርጿል።

ስለ ሱሪ የተጠየቀ ጥያቄ

ሦስቱን አንድ ሕዝብ ያደረጋቸው ሃይማኖት ነው፤ ታሪኩም ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚጥመው ክፍል ነው። ገዥው ቦሪስ በ864 ገደማ ከቁስጥንጥንያ ጥምቀትን ተቀበለ። መኳንንቱ አመፁበት፤ አመፁን ደመሰሰና መሪዎቹን ከነቤተሰቦቻቸው አስገደለ። ከዚያ በኋላ ግን ከግሪኮች ጋር ቅር ተሰኘ። የራሱ ፓትርያርክ እንዲኖረው ፈልጎ ነበር፤ አልሰጡትም። በ866 ፊቱን ወደ ሮም አዞረና ለፓፓ ኒቆላዎስ ቀዳማዊ ረጅም የጥያቄ ዝርዝር ላከ። ጥያቄዎቹ ቢጠፉም የፓፓው 106 መልሶች ተርፈዋል፤ ከመልሶቹም ጥያቄዎቹን መገመት ይቻላል።

አዲስ የተጠመቀ ሕዝብ ምን ምን እንደሚያስጨንቀው ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ሰነድ አላውቅም። ግሪኮች ረቡዕና ዓርብ ገላ መታጠብ አይፈቀድም ይላሉ፤ እውነት ነው ወይ? ፓፓው መታጠብ ይቻላል አለ። ስልብ ያረደውን ሥጋ መብላት ኃጢአት ነው ወይ? አይደለም። ወደ ጦርነት ስንሄድ የፈረስ ጭራ ዓርማ አድርገን እንይዝ ነበር፤ አሁንስ? መስቀል ያዙ። ሱሪ መልበስስ? ፓፓው ይህስ ጥያቄ ትርፍ ነው፣ ሴቶቻችሁም ወንዶቻችሁም ብትለብሱ ባትለብሱ ከመዳን አያግዳችሁም የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጠ። የሣር ሜዳው ፈረሰኛ ሱሪውን ለብሶ ገነት መግባት መቻሉን ማረጋገጥ ፈልጎ ነበር።

ቦሪስ ከሮምም ፓትርያርክ አላገኘም። በ870 ወደ ቁስጥንጥንያ ተመለሰ፤ ከሁለቱ ኃያላን ጋር እየተደራደረም በመጨረሻ የራሱ ሊቀ ጳጳስ እንዲሾምለት አደረገ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ሕዝቡ የሚሰማው ቋንቋና የሚያነበው ፊደል ነበር።

ፊደሉ በእጁ ወደቀ ማለት ይቻላል። ሁለቱ የተሰሎንቄ ወንድማማቾች፣ ቄርሎስና ሜቶድዮስ (ይህ ቄርሎስ እኛ የምናውቀው የእስክንድርያው ሊቅ አይደለም)፣ በ863 ለሞራቪያ ስላቮች ሊሰብኩ ሲሄዱ አዲስ ፊደል ቀርጸው ነበር። ቄርሎስ በ869 ሮም ላይ ሞተ፤ ሜቶድዮስ በ885 ሲያርፍ የጀርመን ቀሳውስት ደቀ መዛሙርቱን አባረሯቸው። ከተባረሩት መካከል ቀሌምንጦስና ናሆም ወደ ቡልጋሪያ ተሰደዱ። ቦሪስ ተቀበላቸውና ቀሌምንጦስን ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ኦህሪድ አካባቢ ላከው። ገድሉ እዚያ 3,500 ተማሪዎችን እንዳስተማረ ይናገራል። በምሥራቅ ደግሞ በፕሬስላቭ ዛሬ ከሰርቢያ እስከ ሞንጎሊያ የሚጻፍበት ሲሪሊክ ፊደል መልክ ያዘ። ቡልጋሪያ በ2007 ኅብረቱን ስትቀላቀል ይህ ፊደል ከላቲንና ከግሪክ ቀጥሎ የኅብረቱ ሦስተኛ ፊደል ሆነ።

በዚያ ዘመን የመጽሐፍ ቋንቋ ዕብራይስጥ፣ ግሪክኛና ላቲን ብቻ መሆን አለበት የሚሉ ነበሩ። ሕራባር የሚባል መነኩሴ የሰጠው መልስ ደፋር ነው፤ የግሪክን ፊደል የፈጠሩት ጣዖት አምላኪዎች ናቸው፣ የስላቮቹን ግን አንድ ቅዱስ ሰው ነው የፈጠረው፣ የትኛው ይከብራል? ሲል ጠየቀ። ግዕዝ ከዚያ አራትና አምስት መቶ ዓመት ቀድሞ መጽሐፍ ቅዱስን ለመተርጎም የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ስለ ጀመረ እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ አልገባም። ሁለቱ የትርጉም ባህሎች ግን በአንድ ነገር ይገናኛሉ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፤ «ሁለተኛው ሄኖክ» የሚባለው ሌላው መጽሐፍ ሙሉውን የተረፈው በስላቮን፣ በስላቮች የመጽሐፍ ቋንቋ፣ ብቻ ነው። የኢሳይያስ ዕርገትንም ሙሉውን ያቆየልን ግዕዝ ነው፤ የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል በስላቮን ተተርጉሞ ቦጎሚሎች ይባሉ በነበሩት የቡልጋሪያ መናፍቃን እጅ ይዞር ነበር። ግሪክ የጣለችውን ሁለቱም ዳር ላይ ሆነው አነሡት።

ወደ ሙግቱ ስንመለስ፣ ቀሌምንጦስን የላከው ቦሪስ የቡልጋሪያ ገዥ ነው፤ ኦህሪድ ግን ዛሬ በሰሜን መቄዶንያ ናት። ሁለቱም አገሮች ግንቦት 24 ቀን የቄርሎስና የሜቶድዮስን በዓል ያከብራሉ። ሁለቱም በየዓመቱ በዚያው ሰሞን መልእክተኞቻቸውን ሮም ወዳለው ወደ ቅዱስ ቀሌምንጦስ ባዚሊካ፣ ወደ ቄርሎስ መቃብር ይልካሉ። አበባ የሚያኖሩት ግን በየፊናቸው ነው።

ድንጋዩ የሚለው

ምሥራቅ ቡልጋሪያ በአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በቁስጥንጥንያ እጅ ስትወድቅ የመንግሥቱ ማዕከል ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፕሬስፓና ኦህሪድ ሐይቆች ዞረ። እዚያ ጦሩን የመራው ሳሙኤል ነው፤ ከዚያም ጻር (የቡልጋሪያ ነገሥታት ማዕረግ ነው) ሆኖ ነገሠ። በሐምሌ 1014 የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ባስልዮስ በክሊዲዮን በር ላይ ጦሩን ሰበረው። ዜና መዋዕሉን የጻፈው ስኪሊትዜስ 15,000 ያህል ምርኮኞች ዓይናቸው እንደ ጠፋና ከየመቶው አንዱ መንገድ እንዲመራ አንድ ዓይን እንደ ተተወለት ይናገራል። ቁጥሩን የዛሬ ሊቃውንት ብዙም አያምኑትም። ሳሙኤል ግን በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሞተ፤ ባስልዮስም በኋላ ዘመን «ቡልጋሮችን የፈጀ» የሚል ቅጽል ወጣለት።

በ1956 በቢቶላ ከተማ አንድ አሮጌ መስጊድ ሲፈርስ በሕንፃው ውስጥ የነበረ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ተገኘ። አብዛኞቹ ሊቃውንት ድንጋዩን የሳሙኤል የወንድም ልጅ የኢቫን ቭላዲስላቭ ነው ይላሉ። ጽሑፉ ንጉሡን የቡልጋሪያውያን ገዥ፣ በትውልዱም ቡልጋሪያዊ ይለዋል፤ ምሽጉንም ለቡልጋሪያውያን መጠጊያ እንዳሠራው ይናገራል። ባስልዮስ አገሩን ከያዘ በኋላ ያቋቋመው ክፍለ ግዛት ስሙ «ቡልጋሪያ» ነበር፤ መቀመጫውም ስኮፕዬ። የኦህሪድ ሊቀ ጳጳስም ማዕረጉ የቡልጋሪያ ነበር። በዚያው ዘመን «መቄዶንያ» የሚባለው የቢዛንታይን ክፍለ ግዛት ዛሬ በቱርክ በምትገኘው በኤዲርኔ ዙሪያ ነበር። ባስልዮስ ራሱ የወጣው የታሪክ ጸሐፊዎች የመቄዶንያ ሥርወ መንግሥት ከሚሉት ቤት ነው። በዚያ ጦርነት መቄዶናዊ የሚባል ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ከሳሙኤል ፊት ለፊት ነው።

ስለዚህ በስኮፕዬ በዩጎዝላቪያ ዘመን የተጻፈው «የሳሙኤል የመቄዶንያ መንግሥት» የሚለው ትረካ ምንጭ የለውም። ይህን ለማለት ቡልጋሪያዊ መሆን አያስፈልግም።

ነገር ግን በ1015 «ቡልጋሪያዊ» መባል ምን ማለት ነበር? የጻሩ ተገዥ መሆን፣ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሥር መጠመቅ፣ ስላቭኛ መናገር፤ ሦስቱም ባንድ ሰው ላይ ሁልጊዜ አይገኙም ነበር። አንድ የዘመኑ አርመናዊ ጸሐፊ የሳሙኤልን ቤት ከአርመን ያወርደዋል፤ የእናቱ ስም ሪፕሲሜ መሆኑም ከዚያ ጋር ይስማማል። በ1185 በአሴንና በጴጥሮስ መሪነት ሁለተኛውን የቡልጋሪያ መንግሥት ያቆመው አመፅ ያለ ቭላኮችና ኩማኖች የሚታሰብ አልነበረም፤ ቭላኮች ለሮማንያውያን የቅርብ ዘመድ ናቸው፣ ኩማኖች ደግሞ የሣር ሜዳ ፈረሰኞች ነበሩ። ስኮፕዬም የአንድ ወገን ከተማ ሆና አልቆየችም፤ ስቴፋን ዱሻን በ1346 የሰርቦችና የግሪኮች ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ዘውድ የጫነው በእሷ ውስጥ ነው። ሮማንያውያን ከላቲን የወጣ ቋንቋቸውን እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሲሪሊክ ይጽፉ ነበር።

መቀላቀሉ በሰዋስው ውስጥ ሳይቀር ይታያል። እኛ «ቤት» ብለን «ቤቱ» እንደምንለው፣ ቡልጋርኛ፣ መቄዶንኛ፣ ሮማንኛና አልባንኛም የታወቀውን ነገር በቃሉ መጨረሻ በሚጨመር ቅጥያ ያመለክታሉ። ሁለቱ ስላቫዊ ናቸው፣ አንዱ ላቲናዊ፣ አራተኛው ለብቻው የቆመ። ሩሲያኛም ሆነ ፖላንድኛ እንዲህ አያደርጉም። ይህ ጠባይ የመጣው ጎረቤታሞች ለብዙ መቶ ዓመታት እርስ በርስ ሲገበያዩ፣ ሲጋቡና ሲጣሉ ነው።

አያት እንደ ዘመኑ

አያት መምረጥ የስኮፕዬ ብቻ ልማድ አይደለም። በኮሚኒስቱ ዘመን ሶፊያ ከሞስኮ ጋር ስለ ተሳሰረች ስላቮች ከፊት ወጡ። በ1970ዎቹ የባህሉን ዘርፍ ትመራ የነበረችው የኮሚኒስቱ መሪ የቶዶር ዚቭኮቭ ልጅ ሉድሚላ ዚቭኮቫ የትራክያውያንን ወርቅ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች አዞረች፤ 1,300ኛው የመንግሥት ምሥረታ በዓልም በ1981 በታላቅ ድምቀት ተከበረ። እሷ ራሷ በዚያው ዓመት በሐምሌ አረፈች።

ከዚያ የመጣው ግን ክፉ ነበር። መንግሥት ከ1984 መጨረሻ ጀምሮ በቡልጋሪያ ያሉትን ቱርኮች በግዳጅ ስማቸውን አስቀየረ፤ እናንተ በኦቶማን ዘመን የሰለማችሁ ቡልጋሪያውያን ናችሁ አላቸው። በ1989 ከ300,000 በላይ ሰዎች ወደ ቱርክ ተሰደዱ። ከዚያ ወዲህ የጥንቶቹ ቡልጋሮች ከቱርክ ወገን ሳይሆኑ ከኢራን ወገን ናቸው የሚለው አስተያየት በሕዝብ ዘንድ ብዙ አድማጭ አገኘ። ይህ አስተያየት ከሊቃውንት ዘንድ ያገኘው ድጋፍ ትንሽ ነው፤ ብዙ አድማጭ ማግኘቱ ግን አያስደንቅም። አምስት መቶ ዓመት የኦቶማን ተገዥ ሆኖ የኖረና ቱርኮችን ከአገር ያባረረ መንግሥት ዜጎች የስማቸው አባት ቱርክ ሆኖ ሲገኝ አይዋጥላቸውም።

ስኮፕዬም የራሷን ድርሻ ተወጥታለች። ከ2010 በኋላ የከተማዋ መሐል በሐውልት ተሞላ። ትልቁ እስክንድርን የሚመስል ፈረሰኛ ነው፤ ግሪክን ላለማስቆጣት «በፈረስ ላይ ያለ ተዋጊ» ተባለ። እዚያው ሳሙኤል በዙፋን ላይ ተቀምጧል። ሶፊያ በ2015 መልስ ሰጠች፤ የራሷን ሳሙኤል አቆመች፣ ዓይኖቹም ሌሊት እንዲያበሩ መብራት ተተከለባቸው። ዓይናቸው በጠፋ ወታደሮቹ ለሚታወስ ንጉሥ ይህን ማን እንዳሰበው እንጃ።

ዘረ መልን ወደ ፍርድ ቤት ለመውሰድ የሚሞክሩም ለአንዳቸውም አልቀናቸውም። በ2023 የወጣ ትልቅ ጥናት በባልካን ከመጀመሪያው ሺህ ዓመት የተገኙ 136 ሰዎችን ዐፅም መርምሮ ነበር። በዛሬዎቹ የባልካን ሕዝቦች ውስጥ ከስላቮች ፍልሰት ጋር የመጣው ድርሻ ከ30 እስከ 60 በመቶ እንደሚደርስ ገመተ፤ የቀረው ከዚያ በፊት ከነበሩት ነው። ድርሻው ከሰሜን ወደ ደቡብ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ በድንበር ላይ አይቆረጥም። በጥናቱ ውስጥ በዛሬዋ ሰርቢያ በዳንዩብ ዳር በነበረችው የሮማ ከተማ ቪሚናኪዩም የተቀበረ አንድ የምሥራቅ አፍሪካ ዝርያ ያለው ሰውም ተገኝቷል።

እንግዲህ ሳሙኤል ቡልጋሪያዊ ጻር ነበር ማለት አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ በኦህሪድ የሚኖር መምህር ቡልጋሪያዊ ነው ማለት ሌላ ነው። በመካከላቸው አንድ ሺህ ዓመት፣ የኦቶማን አገዛዝ፣ የባልካን ጦርነቶችና ዩጎዝላቪያ አሉ። አስፓሩህን የተከተሉት ፈረሰኞች በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ቋንቋቸውን ጥለው ስላቭ መሆን ከቻሉ፣ የኦህሪድ ሰው በሺህ ዓመት ውስጥ መቄዶናዊ መሆን የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

የሚገርመው በሳሙኤል ላይ ሊቃውንቱ ተስማምተዋል ማለት ይቻላል። የጋራ ኮሚሽኑ በ2022 ይፋ ባደረገው ሐሳብ ቄርሎስንና ሜቶድዮስን፣ ቀሌምንጦስን፣ ናሆምንና ሳሙኤልን ሁለቱ አገሮች በጋራ እንዲዘክሩ አሳሰበ፤ የሳሙኤልን መንግሥትም አብዛኛው የዛሬ የታሪክ ጥናት የቡልጋሪያ መንግሥት አድርጎ እንደሚያየው፣ ማዕከሉም ኦህሪድ እንደ ነበር ገለጸ። የከበደው የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ጎጼ ዴልቼቭ በ1872 ዛሬ በግሪክ በምትገኝ ኪልኪስ ተወለደ፣ በሶፊያ ወታደራዊ ትምህርት ቤት ገባ፣ ለመቄዶንያ ነጻነት ከኦቶማኖች ጋር ሲታገል በ1903 ተገደለ፤ ዐፅሙ በ1946 ከሶፊያ ወደ ስኮፕዬ ተዛወረ። ሁለቱም አገር የነጻነት ጀግናዬ ይለዋል። የሁለቱ ብሔርተኝነቶች መንገድ የሚለያየው እሱ በኖረበት ዘመን ስለሆነ፣ ከጥንቱ ንጉሥ ይልቅ እሱ ያናግራል።

ድርድሩ በዚህ መሐል ቆሟል። በ2022 ፈረንሳይ ያቀረበችውን ሐሳብ ሁለቱም ፓርላማዎች ተቀብለዋል፤ ስኮፕዬ የገባችው ግዴታ ቡልጋሪያውያንን በሕገ መንግሥቷ ከተጠቀሱት ሕዝቦች ጋር እንድትጨምር ነው። በ2021 ቆጠራ ቡልጋሪያዊ ነኝ ያሉት 3,504 ሰዎች ናቸው። ማሻሻያው ከ120 የፓርላማ መቀመጫ 80 ድምፅ ይፈልጋል፤ እስካሁን አልተገኘም። በ2024 ምርጫ አሸንፈው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሂርስቲያን ሚኮስኪ ማሻሻያው አገሪቱ አባል በሆነችበት ቀን ብቻ ተፈጻሚ እንዲሆን ጠየቁ፤ ሶፊያ እምቢ አለች። በጥቅምት 2024 ኅብረቱ አብራ ትጠብቅ የነበረችውን አልባንያን ለይቶ ድርድሯን አስጀመረ።

አናሳ ሕዝብን በሕገ መንግሥት መጥቀስ በራሱ የሚከብድ ነገር አይደለም፤ ስኮፕዬ ለአልባኖች፣ ለቱርኮች፣ ለሰርቦችና ለሌሎችም አድርጋዋለች። የሚያስፈራት ቀጥሎ የሚመጣው ነው። በድርድሩ ጎን የተፈረመው የሁለቱ አገሮች ፕሮቶኮል የመማሪያ መጻሕፍትንና የኮሚሽኑን ሥራ ስለሚጨምር፣ ሶፊያ በእያንዳንዱ የድርድር ምዕራፍ ላይ ስለ ዴልቼቭ ሌላ ጥያቄ ማንሣት ትችላለች። ብራስልስ ሁለቱን ጉዳዮች ካልለየች፣ ማለትም የሕገ መንግሥቱን ማሻሻያ የመጨረሻው የሁለትዮሽ ቅድመ ሁኔታ አድርጋ ታሪኩን ለኮሚሽኑ ብቻ ካልተወች፣ ሚኮስኪም ሆኑ የሚተኳቸው ሰው 80ውን ድምፅ የሚያገኙበት መንገድ አይታየኝም።